በልጅ ስም የተሠራ የእናቶች ደጅ

(ስለ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል)

ቋንቋችን ስለ ወሊድ የሚያውቀውን መራራ እውነት በአንዲት አጭር ሰላምታ ውስጥ ቋጥሮ አስቀምጦታል። አንዲት ሴት በሰላም በተገላገለች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ አራሷ ቤት እየገባ፣ ገና ከመቀመጡ በፊት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ትርጉሙን አንመረምረውም። ብንመረምረው ግን ስለ ተወለደው ሕፃን አንዲት ቃል እንኳ የማይናገር ሆኖ እናገኘዋለን። ደስታው ስለ ልጁ መምጣት ሳይሆን ስለ እናቲቱ አለመሄድ ነው። ምሕረት የሚሰጠው ደግሞ ሞት ለተፈረደበት ሰው ነው። እንግዲህ እናቶቻችን ወደ ምጥ የሚገቡት ፍርዱ አስቀድሞ እንደ ተነበበላቸው ሰዎች ነበር፤ ምሕረቱ የደረሳት ትወጣለች፣ ያልደረሳት እዚያው ትቀራለች።

ቋንቋው ለዳነችው ሰላምታ አበጀላት። ለቀረችው ያበጀላት ልቅሶ ብቻ ነው። በጦር ሜዳ እንደ ወደቀ አርበኛ ስሟ በፉከራና በቀረርቶ አይነሣም፤ ሐውልት አይቆምላትም፤ ሞቷም «የእግዜር ሥራ» ተብሎ ይታለፋል። ከእነዚህ ሞቶች አንዱ ግን፣ ከዛሬ 80 ዓመት በላይ በፊት በነቀምት ከተማ የደረሰው፣ ባሕር ተሻግሮ ተሰማ፤ በስሙም ገንዘብ ተዋጣ፣ ሆስፒታል ታነጸ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሆስፒታል ታሪክ ይመለከታል። የምንመለከተውም የቤተ መንግሥት ወሬ ለማደስ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ለማንሣት ነው፤ ለሞተ ሰው እውነተኛ መታሰቢያ የሚባለው ምንድን ነው?

የአንዲት ነርስ አጭር ዕድሜ

ልዕልት ፀሐይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን የመጨረሻ ሴት ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። የዘመኑ ሥርዓት ለእንዲህ ያለች ልጅ የቀየሰው መንገድ የታወቀ ነበር፤ በቤተ መንግሥት ማደግ፣ ለመኳንንት መዳር፣ በግብርና በበዓል ቀን ተሸልሞ መታየት። ይህን መንገድ የለወጠው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላን በዘማቹና በገበሬው ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያወርድ፣ አገሪቱ ቁስለኛዋን የሚያጥብ የሠለጠነ እጅ እንደሌላት በግልጽ ታየ። ሚያዝያ 24 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

በስደቱ ዘመን ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተጠግቶ ሲኖር፣ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ሄደው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሥልጠና ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 ትምህርታቸውን ፈጽመው በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያም ጋይስ በተባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገብተው ሙያውን ቀጠሉበት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በዚያን ጊዜ በአገራችን የሰው ቁስል ማጠብ፣ ደምና ሽንት የነካውን አንሶላ መለወጥ፣ በሽተኛ ማገላበጥ፣ በባላባታዊው ሥርዓት ዓይን የገረድ ሥራ ነበር። ከፍተኛ ቤት የተወለደች ሴት እጇን የምታስታጥብ እንጂ የሌላውን ቁስል የምታጥብ አልነበረችም። የልዕልቲቱ ምርጫ፣ ስደትና ጦርነት የገፋው ቢሆንም እንኳ፣ ይህን አጥር የጣሰ ነበር። አንድ ሰው በተወለደበት ደረጃ ሳይሆን በመረጠው ሥራ ይለካ ከተባለ፣ እኒህን ሴት ልንለካቸው የሚገባን በነርስነታቸው ነው።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በ1934 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑትን ዐቢይ አበበን አግብተው ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ ሄዱ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በነቀምት ከተማ ዐረፉ። ከተጋቡ አራት ወር አልሞላቸውም። ዕድሜያቸውም ገና 22 ዓመት ነበር።

ማዕረግ ከዚህ ሞት አላዳነም። የለንደን የምስክር ወረቀትም አላዳነም። ይህ የዕድል ምሥጢር አይደለም። ሴትን በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚገድሉት ምክንያቶች በሚገባ የታወቁ ናቸው፤ የደም መፍሰስ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ምርቀዛ፣ የደም ግፊት፣ የተራዘመ ምጥ፣ ጽንስ ሲጨናገፍ የሚደርስ አደጋ። የሚያድነውም የታወቀ ነው፤ የተዘጋጀ ደም፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ የሠለጠነ ሐኪምና አዋላጅ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ሲገኙ። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ሁለትና ሦስት ሰዓት እንኳ ላትቆይ ትችላለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ምንም ያህል ብትማር፣ ምንም ያህል ሎሌ ቢከባት፣ ራሷን በራሷ ልታድን አትችልም። የሚያድናት ሰው ሳይሆን ተቋም ነው። ተቋም ባልነበረበት ምድር የንጉሥ ልጅም የጭሰኛ ልጅም በአንድ መዝገብ ይጻፉ ነበር።

ሠዓሊዋ ሲልቪያ

የዚህ ታሪክ ሁለተኛዋ ሰው እንግሊዛዊት ናቸው። ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1882 ማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። የኪነት ወገን የሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው፣ ሲልቪያ በመጀመሪያ ሠዓሊ መሆናቸውን ነው። በለንደን የሮያል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የተማሩ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ እየዞሩ በፋብሪካና በእርሻ የሚሠሩ ሴቶችን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሥለዋል። ሥዕሉ ወደ ሞዴሎቹ ሕይወት መራቸው፤ ሕይወታቸውም ብሩሹን አስጣላቸው። እናታቸው ኤሜሊን ፓንክረስት የሴቶችን የመምረጥ መብት ለማስከበር የተነሣውን ንቅናቄ ሲመሩ፣ ሲልቪያ ብዙ ጊዜ ታሠሩ፤ በእስር ቤትም የረሃብ አድማ መትተው በቧንቧ በግድ ምግብ እየተሰጣቸው ተሠቃዩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ከእናታቸውና ከእኅታቸው ድርጅት የተለዩት፣ ትግሉ የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሴቶች ትግል መሆን አለበት ብለው በመጽናታቸው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያው በምሥራቅ ለንደን የሠሩት ሥራ የኋለኛውን ታሪክ አስቀድሞ ያመለክታል። ስሙ «የጠመንጃ ሠሪዎች ክንድ» ይባል የነበረውን አንድ አሮጌ መጠጥ ቤት ተከራይተው የሕፃናት መዋያና የእናቶች ክሊኒክ አደረጉት፤ በደጁም ላይ የነበረውን ስም ፍቀው «የእናቶች ክንድ» አሉት። በእንግሊዝኛ ክንድና መሣሪያ በአንድ ቃል የሚጠሩ በመሆናቸው ለውጡ የቅኔ ያህል ነበር።

ሲልቪያ በ45 ዓመታቸው አንድ ልጅ ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ «እናቶችን አድኑ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ 3,000 ያህል እናቶችና 20,000 ያህል ሕፃናት መከላከል በሚቻል ምክንያት እንደሚጠፉ በርዕሱ ላይ ጭምር አስታውቆ፣ መንግሥት ለእናቶች ሁሉ የሚዳረስ የወሊድ አገልግሎት እንዲያቋቁም ይጠይቃል። አንባቢ ይህን ቁጥር እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሲልቪያ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 የተጻፈበት፣ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። መንግሥታቸው የኢጣልያን ይዞታ በተቀበለበት ጊዜ እንኳ ጋዜጣዋ የኢትዮጵያን ጉዳይ አልጣለችም፤ 20 ዓመት ታተመች። እንግዲህ የነቀምቱ መርዶ ለንደን ሲደርስ የሰማችው ጆሮ ሁለት ነገር አስቀድማ የምታውቅ ጆሮ ነበረች፤ ኢትዮጵያንና የእናቶችን ሞት።

ሲልቪያ መርዶውን በሐዘን መግለጫ አላለፉትም። ልዕልቲቱ ለሙያቸው እንደ ኖሩ መታሰቢያቸውም የሙያ ቤት እንዲሆን፣ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ለማሠራት በብሪታንያ የተቋቋመውን ገንዘብ አሰባሳቢ ኮሚቴ ዋና አንቀሳቃሽ ሆነው ዓመታት ደከሙ። ገንዘቡ የተለመነው በምን ዘመን እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። ለንደን በቦምብ ፈርሳለች፤ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ ልብሱ በራሽን ይሸጣል፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የራሽኑ ሥርዓት ፈጽሞ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ራሱ በራሽን ከሚኖር ሕዝብ፣ አይቶት ለማያውቀው አገር እናቶች የሚሆን ገንዘብ ተጠየቀ፤ ሰጠም።

ሆስፒታሉና ወደ ደጁ የመጡት

የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ሥራ ጀመረ። ከሕክምናው ጋር የነርሶች ማሠልጠኛ ነበረው፤ ይኸውም ሟቿ የለበሱትን ልብስ ሌሎች ወጣት ሴቶች እንዲለብሱ ማለት ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1956 ከነልጃቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት እያዘጋጁ ኖሩ፤ በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ተቀበሩ።

ከእርሳቸው ዕረፍት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1959፣ ሁለት ሐኪሞች ከትንሽ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ሬጂናልድ ሃምሊን የኒውዚላንድ፣ ባለቤታቸው ካተሪን ሃምሊን የአውስትራሊያ ተወላጆች ሲሆኑ ሁለቱም የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። የመጡት ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ማስታወቂያ አንብበው ነው። ማስታወቂያው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈልጋል። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር። ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. እስከ 1993፣ ካተሪን እስከ 2020፣ ሞት እስኪለያቸው ድረስ እዚሁ ቀሩ።

ያስቀራቸው በሆስፒታሉ ደጅ የጠበቃቸው ነገር ነው። ከገጠር የሚመጡ ወጣት ሴቶች ከሌላው በሽተኛ ተነጥለው፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ከግድግዳ ተጠግተው ይቀመጡ ነበር። በሽታቸው ፊስቱላ ይባላል። ምጡ ሦስት አራት ቀን ሲራዘም፣ ሊያልፍ ያልቻለው የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን የውስጥ አካል ከዳሌዋ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም ያልደረሰው አካል ይሞታል፤ የሞተውም ሥጋ ሲወድቅ በሽንት ፊኛዋና በማኅፀን በሯ መካከል፣ አንዳንዴም በኩል ዓይነ ምድር በሚወርድበት በኩል፣ ቀዳዳ ይከፈታል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ትቸገራለች፤ ሌት ተቀን ይፈሳታል። ከሽታው የተነሣ ባሏ ይሸሻታል፣ ጎረቤት ይርቃታል፣ ከእድርና ከማኅበር ትገለላለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ የተባለችም ብትሆን ምሕረቷ ግማሽ ነው።

ይህች ሴት ከሞቱት ጋር አትቆጠርም፤ ከሚኖሩትም ጋር አልተቆጠረችም። በበቅሎ፣ በእግር፣ በጭነት መኪና ቀናት ተጉዛ አዲስ አበባ ስትደርስ የምታንኳኳው ደጅ በሟች ልጅ ስም የተሠራውን ደጅ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ስለ በሽታው ከመጻሕፍትና ከሌላ አገር ሐኪሞች ልምድ እየተማሩ ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና መጠገን ጀመሩ። የዳነችው ወደ አገሯ ስትመለስ ወሬው ተከትሏት ሄደ፤ ወሬውም ሌሎችን ይዞ ተመለሰ። የሆስፒታሉ አልጋ አልበቃ ስላለ በቅጥሩ ውስጥ ማረፊያ ቤት ተሠራላቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1974 ሃምሊኖች በዚያው በአዲስ አበባ ራሱን የቻለ የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። ይህ ተቋም ኋላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ከፍቶ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል።

ሁለተኛዋ ልጅ

ከእነዚያ ሴቶች የአንዷ ስም በዓለም የታወቀ ስለሆነ እናነሣዋለን። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት ገደማ ሳለ፣ በተራዘመ ምጥ ልጃቸውን አጥተው፣ ራሳቸውም ክፉኛ ተጎድተው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። የገበሬ ልጅ ነበሩ፤ ፊደል አልቆጠሩም። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ስለ ወሰደ እዚያው ሰነበቱ። ሲሻላቸው አልጋ ማንጠፍ፣ የሌሎቹን በሽተኞች ገላ ማጠብ ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል፤ ቀጥሎ ማገዝ፤ በመጨረሻም ዶክተር ሬጂናልድ እጃቸውን ይዘው አስተምረዋቸው በራሳቸው መጠገን። እጃቸው ከፊደል በፊት ሙያ ተማረ። የራሳቸውን በሽታ በሌሎች ገላ ላይ እያሸነፉ ስመ ጥር የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደን ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሁለቱ ሃምሊኖችና ለእርሳቸው የወርቅ ሜዳይ ሸልሟል።

አሁን ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንደኛዋ በቤተ መንግሥት ተወልደው የነርስ ልብስ ለበሱ፤ እርግዝና ግን ገደላቸው። ሁለተኛዋ በገበሬ ጎጆ ተወልደው በወሊድ ምክንያት ከሰው ተራ ወጡ፤ በመጀመሪያዋ ስም የተሠራው ቤት ግን ተቀብሎ አከማቸው፤ ሐኪምም አደረጋቸው። በሕይወት አልተገናኙም። የመጀመሪያዋ ሲሞቱ ሁለተኛዋ አልተወለዱም ነበር። ሆኖም አንዷ የጀመሩትን ሌላዋ ፈጸሙት ብንል የታሪክ ሐሰት አይሆንብንም። የአንድ መታሰቢያ ፍሬ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ውርስ ነው፤ የሟቹን ስም የሚሸከም ሕንፃ በመቆሙ ሳይሆን፣ ሟቹን የገደለው ነገር ሌላውን እንዳይገድል በመሠራቱ።

ስለ ስም

ዛሬ ያ ሆስፒታል የልዕልቲቱ ስም የለበትም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ሰፈሩም ጦር ኃይሎች ተብሎ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር ምዕራባዊ መጨረሻ ጣቢያም በዚሁ ስም ይጠራል። በዚያ ጣቢያ ወርዶ ወደ ሥራው የሚጣደፈው ወጣት፣ አጠገቡ ያለው ቅጥር በአንዲት ነርስ መታሰቢያነት እንደ ተጀመረ፣ የሀገሪቱ የፊስቱላ ሕክምናም ከዚያ እንደ ወጣ ላያውቅ ይችላል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲፈጸም አይተናል። የቀድሞው ሥርዓት ትምህርት ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ አደባባዩን በቤተሰቡ አባላት ስም ሲሰይም፣ ሕዝቡ ተቋሙን ከንጉሥ እንደ ተሰጠው ችሮታ እንዲቆጥረው አደረገ። በዚያ ስም ውስጥ ነርሷ ጠፍታ ልዕልቲቱ ብቻ ታየች። ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ ስሙ ተፋቀ፤ የፋቀውም እጅ ልዕልቲቱን እንጂ ነርሷን አላሰበም። ያከበራትም የሻራትም ዘውዷን አዩ። ሁለቱም ያላዩት አንድ ነገር ነበር፤ የሞተችበትን ምክንያት።

ሲልቪያ የመጠጥ ቤቱን ስም ሲለውጡ ከስሙ ጋር ሥራውንም ለወጡት። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የተለወጠው ሰሌዳው ነው። ይህን ስንል አሮጌው ሰሌዳ ተመልሶ ይሰቀል ለማለት አይደለም። ሰሌዳ በሥርዓት ይመጣል፣ በሥርዓት ይሄዳል። የምንለው መምህሩ በክፍሉ፣ ጸሐፊው በወረቀቱ፣ ሕንፃዎች ከስማቸው በታች ያላቸውን ሁለተኛ ታሪክ እንዲያነቡ ነው። ስም ቢፋቅ ታሪክ አይፋቅም፤ የሚፋቀው የሚያስታውሰው ሲጠፋ ነው።

የተያዘው ቁጥር

አንባቢ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ቁጥር እንመለስ። ሲልቪያ መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት ዘመን በእንግሊዝና በዌልስ ከ100,000 ወሊድ ከ400 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገኘው ቁጥር 412 ነው። ይኸውም በዚያ ዓመት ጥናት መሠረት የቆምንበት ቦታ የ1930ዋ እንግሊዝ የቆመችበት ቦታ ነበር ማለት ነው። ይህን የምንጽፈው ለኀፍረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመሳሳይ ጥናት ያገኘው ቁጥር 871 ነበር፤ በ16 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ግምቶችም መቀነሱን ያመለክታሉ። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚወልዱት እናቶች በ2000 ከመቶ 6 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ2019 ከመቶ 50 ደርሰዋል። ከእያንዳንዱ ቀበሌ ተመርጠው፣ ሠልጥነው፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጤና ጣቢያው የሚያድሩት አዋላጅ ነርሶች፣ ወላዷን በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ የሚያደርሰው ገበሬ፣ ይህን ያደረጉት እነዚህ ናቸው።

እንግሊዝስ ከዚያ ቦታ እንዴት ወጣች? ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ምርቀዛን የሚያጠፋ መድኃኒት ተገኘ፤ ደም የመስጠት ዘዴ ተስፋፋ፤ በ1936 በወጣ ሕግ ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር ደመወዝ የሚከፈላቸው የሠለጠኑ አዋላጆች እንዲያቀርብ ግዴታ ተጣለበት። መድኃኒት፣ ደም፣ አዋላጅ። ከነዚህ አንዱም ተአምር አይደለም።

የሃምሊኖች ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተቀደደውን መስፋት እንጂ መቀደዱን መከልከል አይደለም። የሚከለክለው በምጡ የመጀመሪያ ቀን ከአጠገቧ የምትገኘው አዋላጅ ናት። ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠሩትም ለዚህ ነበር። የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው በ2007 ነው፤ ከማስታወቂያው 48 ዓመት በኋላ። ኮሌጁ ከገጠር የሚመጡ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይመልሳል። ለሟቿ ነርስ የታሰበው መታሰቢያ መሠረቱ የዘገየ፣ ነገር ግን ያልተረሳ ሆኖ እዚያ ይታያል።

ለኪነት ሰዎች

በመጨረሻ ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ጸሐፊ በተውኔቶቹ ውስጥ ብዙ ጀግና ገድሏል፤ አርበኛውን በጥይት፣ አፍቃሪውን በመርዝ፣ ከሐዲውን በገመድ። ወሊድ ሲመጣ ግን መጋረጃው ተዘጋ። ከመድረኩ በስተኋላ አንዲት ሴት ትጮኻለች፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እልልታ ይሰማል፤ ወይም አንዲት አሮጊት ወጥታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ባልም አንገቱን ይደፋል። ተመልካቹ የሚያዝነው ለባልየው ነው። ሴቲቱ በመድረክ ላይ አልሞተችም፤ ድምፅ ብቻ ነበረች። ይህ የእኔ ስሕተት ብቻ ባይሆንም የእኔም ስሕተት ነው። በጦር ሜዳ የወደቀውን ቆጥረን ስሙን ስንጠራ፣ በመደብ ላይ የወደቀችውን ሳንቆጥር የቀረነው፣ ሞቷን የተፈጥሮ ሕግ አድርገን ስለ ተቀበልነው ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ግን ገና ብሩሽ ይዘው ሳሉ ሴቲቱን ከመጋረጃው በፊት አውጥተው፣ በሥራዋ ላይ፣ ፊቷ እየታየ ሣሏት። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ ያንን ፊት ካዩበት ቀን የተነሣ ነው።

ካድሬው በስብሰባው፣ መምህሩ በክፍሉ፣ ተዋናዩ በመድረኩ ሊያነሣው የሚገባ ታሪክ ይህ ነው። አንዲት የ22 ዓመት ነርስ በነቀምት ሞተች። ስለ ሞተች ቤት ተሠራ። ቤቱ ለማያውቃቸው ሴቶች ደጁን ከፈተ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ሐኪም ሆና ለሌሎቹ ደረሰች። በየመንደሩ ዛሬም አራስ ስትጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ያማረ ቃል ነውና ይቆይልን። ሰላምታው ይቆይ፤ ፍርዱ ግን ይሻር።